የአጎቴን ጀልባ ባሕር ዳር ላይ አስወለወልን

ወሬ ሳላበዛ፦ ባሕር ዳር ላይ የፋይበር ግላስ ጀልባ አሳምሮ የሚወለውል ሰው አለ። የምታገኙት ግን ሐይቁ ዳር ሳይሆን መኪና ጋራዥ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ብር ከከፈልኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ አንጀቴን ያራሰው የእሱ ሥራ ነው።

ጀልባዋ እንግዳ ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ ታመላልሳለች። ድሮ ሰማያዊ ነበረች። እየቆየች ግን አመድ መስላ፣ በእጅ ሲነኳት ነጭ ዱቄት ታስቀር ነበር። የፀሐይ ሥራ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ጄልኮት የሚባለውን የፖሊስተር ሽፋን ቀስ በቀስ የሚበላው እሱ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅነው ጋራዥ ጠጋ ብሎ እንኳ ሳያያት «ቀለም እንርጫትና ይለቅ» አለን። ዱቄት ባዘለ ጄልኮት ላይ የተረጨ ቀለም ቶሎ ተላጦ ይወድቃል። ጥለን ወጣን።

ሁለተኛው ጋራዥ ያገኘነው ይህ ያልኳችሁ ሰው ግን ጀልባዋ ያለችበት ድረስ መጣ። መዳፍ የምታህል ቦታ አጠበ፣ አሮጌውን ሰም በአሴቶን አነሳ፣ ኮምፓውንድ የሚባለውን የመፈግፈጊያ ቅባት አድርጎ በጨርቅ ፈተገ። ሰማያዊው ብቅ አለ። «ጋሼ፣ አልሞተም» አላቸው አጎቴን። «ግን ስስ ነው። ብዙ ከፈገፈግነው ፋይበሩ ይወጣል።» እውነቱን ነው፤ የጄልኮት ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ነው።

ብርጭቆ ወረቀት የነካው በጣም የደበዘዘውን ጎን ብቻ ነው፤ መጀመሪያ 1000 ቁጥር፣ ቀጥሎ 2000፣ ውሃ እያርከፈከፈ። ሌላውን በኮምፓውንድ አለፈው። የመወልወያ ማሽኑን አንድ ቦታ ላይ አያቆምም፤ ሙቀት ጄልኮቱን ያቃጥላል። ከዚያ ፖሊሽ፣ በመጨረሻ ሰም። ሰሙን የቀባው በማለዳ፣ ዋርካው ጥላ ሥር ነው። በጋለ ገላ ላይ ሰም ቶሎ ደርቆ ለመጥረግ ያስቸግራል። ሲጨርስ የዋርካው ቅጠል ጎኗ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። አጎቴ ዞረው ዞረው አዩዋት።

ጉድለትም አለው። ቀጠሮ ላይ ይዘገያል። ጄኔሬተር ስለሌለው መብራት የሳብነው ከጎረቤት ሱቅ በኤክስቴንሽን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። ጥሩ የጀልባ ሰምም እዚያ አላገኘንም፤ ከውጭ የምትመጡ ከጨረር የሚከላከለውን ዓይነት ሻንጣችሁ ውስጥ ጣል አድርጉ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እኛ ቁርጡን ስለተስማማን በኋላ ጭቅጭቅ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው። ከጉዞ መልስ ንጹህ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ፣ በየ3 ወሩ ሰም። ኦሞ ሰሙን ያነሳዋል፣ ሽቦ ደግሞ ይቧጭራል። አጎቴ ጀልባ አጣቢዎቹን ልጆች ሁለቱንም ይዘው እንዳይጠጉ አስጠንቅቀዋል። ቀጣዩ ሰም ለሚያዝያ ነው።