«ዘጠኝ ኢንች ነው» ተብዬ ስምንት ኢንች ገዛሁ፦ የኋላ አክስል የምትቀይሩ ተጠንቀቁ

እዚህ አሜሪካ የድሮ ማስታንግ ወይም ሌላ ባለ ባሌስትራ ፎርድ ይዛችሁ፣ ሞተሩን በጠንካራ ቀይራችሁ አሁን የኋላ አክስል የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከኪሳችሁ ሳይወጣ ይህን አንብቡ። 1,500 ዶላር ከፍዬ ያወቅሁትን ነው የምጽፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መኪናዬ የ1966 ማስታንግ ናት። ስገዛት ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበረች። ፎርድ በዚያን ጊዜ ለባለ ስድስቶቹ 7.25 ኢንች የሚባለውን ትንሽ አክስል፣ ለአብዛኞቹ ቪ8ቶች ደግሞ ስምንት ኢንቹን ነበር የሚገጥመው። ቁጥሩ ዲፍረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ጥርስ፣ መካኒኮቻችን ኮሮና የሚሉት፣ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት ነው። የእኔ አክስል ለ120 ፈረስ ጉልበት የተሠራ ነበር፤ ጎማው እንኳ በአራት ቡሎን ነው የሚታሰረው። ከ1990 ማስታንግ የወጣ 5.0 ሊትር ቪ8 ከነባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮው ሳስገባላት፣ ያ አክስል እንደማይችለው አውቄ ነበር።

ለምን እንደማይችለው በቁጥር ላሳያችሁ። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ 300 ፓውንድ-ፉት ቶርክ (የማዞር ኃይል) አለው። የካምቢዮው አንደኛ ማርሽ ያንን በ3.35 ያበዛዋል። የዲፍረንሻሉ ጥርሶች ሬሾ 3.50 ቢሆን እንደገና በ3.50 ይበዛል። በመጨረሻ ሁለቱ የጎማ ሻፍቶች ላይ የሚያርፈው ከ3,500 ይበልጣል። ጎማው የደረቀ ከሆነ ይንሸራተታል፣ ጉልበቱም በጭስ ይወጣል። አስፋልት የሚነክስ ጎማ ያሰራችሁ ቀን ግን የሚንሸራተት ነገር ስለሌለ፣ የሚበጠሰው ደካማው ብረት ነው። ስለዚህ ጎማችሁ ምን እንደሆነ፣ ካምቢዮው ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ ሳይጠይቅ «ይሄ 500 ፈረስ ጉልበት ይችላል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ስለ እናንተ መኪና እያወራ አይደለም።

የፎርድ ዘጠኝ ኢንች ስሙ የተከበረው በምክንያት ነው። ከ1957 እስከ 1986 በመኪናም በፒክአፕም ተሠርቷል። ኮሮናውን የሚያዞረውን ትንሽ ጥርስ፣ ፒኞኑን፣ እንደሌሎቹ በሁለት ኩሽኔታ ብቻ ሳይሆን ጫፉ ላይ በሦስተኛ ኩሽኔታ ጭምር ይይዘዋል፤ በጉልበት ሲገፋ ከኮሮናው አይሸሽም። ሻፍቶቹ በውጭ በኩል በአራት ቡሎን ስለሚታሰሩ፣ አንዱ ውስጥ ላይ ቢሰበር እንኳ ጎማው ይዞት አይወጣም። ዋጋውን የሚሰቅለውም ይህ ስም ነው፤ የሚያታልሉትም በዚሁ ስም ነው።

ሻጩ የአገር ልጅ ነው፣ በጓደኛ በኩል የተዋወቅሁት። ጋራዡ ውስጥ አክስሉ በጥቁር ቀለም ተቀብቶ እንጨት ላይ ተቀምጧል። «ዘጠኝ ኢንች፣ ሠላሳ አንድ ጥርስ፣ ሊሚትድ ስሊፕ» አለኝ። ጥርስ ያለው የሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለውን ነው፤ ሊሚትድ ስሊፕ ደግሞ አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር ሁለቱን አብሮ የሚያዞር ዲፍረንሻል ነው። ከኋላው የሚፈታ ክዳን የለውም፣ ዲፍረንሻሉ ከፊት ነው የሚወጣው፤ ስለ ዘጠኝ ኢንች ያነበብኩት ሁሉ ይህንኑ ነበር። መኪናዬ ውስጥ የመፍቻ ሳጥን ነበረኝ። ሄጄ ላምጣና ልፈትሽ ብዬ አሰብኩ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። ሰውየው ቡና አፍልቶ አስቀምጦኝ፣ እሱ ፊት ተንበርክኬ ብረቱን መለካት ቃልህን አላምንም እንደማለት መሰለኝ። ካሽ ከፍዬ፣ አንድ ቁራጭ ወረቀት ሳልቀበል፣ ጭኜ ሄድኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊገጥምልኝ የተስማማው መካኒክ ሶኬቱን ታችኛው ዳዶ ላይ ያለ ምንም ችግር አስገባና ዝም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «ይሄ ስምንት ኢንች ነው» አለኝ።

ስምንት ኢንቹና ዘጠኝ ኢንቹ እንደ ታናሽና ታላቅ ወንድም ይመሳሰላሉ። ሁለቱም የኋላ ክዳን የላቸውም፣ ሁለቱም ከፊት ይፈታሉ። መለያው ይህ ነው፦ ዲፍረንሻሉን ዙሪያውን ከሚያስሩት ዳዶዎች መካከል ከታች ያሉትን ሁለቱን ተመልከቱ። ስምንት ኢንች ላይ ሶኬት ቀጥ ብሎ ይገባል። ዘጠኝ ኢንች ላይ ግን የዲፍረንሻሉ አካል ስለሚከልለው ሶኬት አይገባም፤ በጎን የሚገባ ቀለበት መፍቻ ያስፈልጋል። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ያን ግማሽ ደቂቃ አፍሬ ተውኩት።

ሻፍቱን ስናወጣ ደግሞ ጥርሱ 28 ሆነ። ሊሚትድ ስሊፕ የተባለውም አልነበረም። ይህንንም መፈተሽ ቀላል ነው፦ አክስሉ ከመሬት ተነስቶ እያለ አንዱን ጎን በእጅ አዙሩ። ሌላኛው ጎን በተቃራኒው ከዞረ ተራ ነው፣ ወይም ውስጡ ያሉት ክላቾች አልቀዋል፤ ለገዢ ሁለቱም ያው ናቸው። ወደ አንድ አቅጣጫ አብረው ከዞሩ ደህና ነው።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «እኔም ዘጠኝ ኢንች ተብዬ ነው የገዛሁት» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ። እውነቱን ይሁን አላውቅም። ገንዘቡ ግን አልተመለሰም። ስምንት ኢንች መጥፎ አክስል ነው እያልኩ አይደለም፤ ቪ8 ማስታንግ ከፋብሪካው ይዞት ወጥቷል፣ መጠነኛ ሞተር በተራ ጎማ ለሚነዳ ሰው ይበቃዋል። በስሙ ቢሸጥልኝ ኖሮ ግን የከፈልኩትን ሩብ አልከፍልበትም ነበር።

እውነተኛ ዘጠኝ ኢንች ብታገኙም ጥያቄው አላለቀም። ከተራ መኪና የወጡት ብዙዎቹ ሻፍታቸው ባለ 28 ጥርስ ነው፤ ኮሮናው ትልቅ ሆኖ ሻፍቱ ከስምንት ኢንቹ የሚሻል አይሆንም። ባለ 31 ጥርሱ ወፍራም ነው፣ መፈለግ ያለባችሁ እሱን ነው። ስለዚህ ሻፍቱን አስወጥታችሁ ጥርሱን ራሳችሁ ቁጠሩ። ሻጩ «አይወጣም፣ ዘይት ይፈሳል» ካላችሁ ተሰናብታችሁት ሂዱ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሄድበት ሌላው መንገድ ኤክስፕሎረር ከሚባለው የፎርድ መኪና የሚወጣው ባለ 8.8 ኢንች አክስል ነው። እኔም አሁን የማየው እሱን ነው። ከ1995 እስከ 2001 የወጡት ዲስክ ፍሬንና ባለ 31 ጥርስ ሻፍት አላቸው፣ ጎማውም በአምስት ቡሎን ይታሰራል፣ ጃንክያርድ ውስጥም አይጠፉም። ክዳኑ ቡሎን ላይ ያለችው ትንሽ ቆርቆሮ «3 ኤል 73» ካለች 3.73 ሊሚትድ ስሊፕ ነው ማለት ነው፤ በመሃል «ኤል» የሚለው ፊደል ከሌለ ተራ ነው። ቆርቆሮ ግን ከአንዱ አክስል ተፈትቶ ሌላው ላይ ሊታሰር ስለሚችል፣ ያንን በእጅ የማዞር ፍተሻ አትተዉት።

ችግሩ ስፋቱ ነው። 59.5 ኢንች ነው፤ የ1966 ማስታንግ አክስል 57.25 ነው። ዲፍረንሻሉም መሃል ላይ አይደለም፣ ወደ ተሳፋሪው ጎን ያዘነብላል። ስለዚህ ረጅሙን ጎን ወደ 3 ኢንች ገደማ ቆርጠው፣ በሁለቱም በኩል አጭሩን ሻፍት አስገብተው «ለማስታንግ የተዘጋጀ» ብለው የሚሸጡ አሉ። ሥራው በደንብ ከተሠራ ጥሩ ነው። ቀጥ አድርጎ በሚይዝ መያዣ ሳይታሰር ከተበየደ ግን የአክስሉ ቱቦ ይጣመማል፣ ኩሽኔታና ዘይት መያዣ ጎማ በየወሩ ትቀይራላችሁ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፦ በሁለቱ የፍሬን ዲስኮች መካከል ያለውን ርቀት ከፊት ጠርዝ ለካችሁ፣ ከኋላ ጠርዝ ደግሞ ለኩ። እኩል ካልሆነ ተጣሟል። ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን የሻፍቱን ክፍልም በጣታችሁ ዳስሱ፤ በ8.8 ላይ ሮለሮቹ ቀጥታ ሻፍቱ ላይ ነው የሚሽከረከሩት፣ ስለዚህ እዚያ ቦታ ከተበላ ኩሽኔታ መቀየር ብቻ አያድነውም፣ ሻፍቱም አብሮ ይቀየራል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ደህንነት። 8.8 ሻፍቱን የሚይዘው ውስጥ ባለች ሲ-ክሊፕ የምትባል ትንሽ ብረት ነው። ሻፍቱ ከተሰበረ ጎማው ከነሻፍቱ ሊወጣ ይችላል። የድራግ ውድድር የሚመራው ኤንኤችአርኤ ሩብ ማይሉን በ10.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ በፈጠነ ለሚጨርስ መኪና ከፋብሪካው የተለየ ጠንካራ ሻፍትና የሻፍት መያዣ የሚያስገድደው በዚህ የተነሳ ነው። ልጆቻችሁን ጭናችሁ ለምትነዱት መኪና እንደዚያ ባይፈጥንም፣ ሲ-ክሊፑና ሻፍቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ሳታዩ አትገጥሙ።

ይህን ለመጻፍ ያስቸኮለኝ ትናንት ማታ ያየሁት ማስታወቂያ ነው። «ዘጠኝ ኢንች፣ 31 ጥርስ፣ ሊሚትድ ስሊፕ» ይላል። ያው ጋራዥ፣ ያው የእንጨት መቀመጫ፣ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ሌላ አክስል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፤ ከታች ያሉት ሁለቱ ዳዶዎች ምንም ሳይከልላቸው ይታያሉ።