«ናኽ» የምትለውን ቃል ሳታስተውሉ የሩበንስ ሥዕል ነው የተባለ እንዳትገዙ

የጥንት አውሮጳውያን ሥዕሎችን ለመግዛት ለምታስቡ፣ በተለይም እንደ እኔ ጀርመን አገር ለምትኖሩ ወገኖች ይህን የምጽፈው እኔ የከሰርኩት 2,400 ዩሮ በሌላ ሰው እንዳይደገም ነው።

ከአንድ የጥንታዊ ዕቃዎች መደብር የገዛሁት ሥዕል ግሪኮች በአፈ ታሪካቸው አማዞን ከሚሏቸው ሴት ተዋጊዎች ጋር ድልድይ ላይ ሲፋለሙ የሚያሳይ፣ በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ነው። ሻጩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከታዋቂው የፍላንደርስ ሠዓሊ ከፒተር ፓውል ሩበንስ የሥዕል ቤት (እሱና ረዳቶቹ ከሚሠሩበት ቤት) የወጣ መሆኑን ደጋግሞ ነገረኝ፤ በሰጠኝ ደረሰኝ ላይ የሰፈረው ግን «ናኽ ሩበንስ» የሚል ብቻ ነበር። ይህች አጭር የጀርመንኛ ቃል በሥዕል ንግድ ውስጥ ሥራው በሌላ ሰው እጅ፣ በየትኛውም ዘመን የተቀዳ መሆኑን የምታመለክት ስትሆን፣ ከሠዓሊው ሥዕል ቤት ወጣ ለማለት «ቬርክሽታት» ተብሎ መጻፍ ነበረበት።

ዋናው ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1618 ገደማ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተሳለ ሲሆን የሚገኘው ሙኒክ፣ አልተ ፒናኮቴክ ሙዚየም ነው። ዘግይቼም ቢሆን ሄጄ ሳየው የእኔው ግራና ቀኙ ተገላብጦ የተሳለ ሆኖ አገኘሁት። (እሑድ እሑድ መግቢያው አንድ ዩሮ ነው፤ አስቀድሜ ባለመሄዴ እስካሁን ይቆጨኛል።) ሉካስ ፎርስተርማን የተባለ የመዳብ ቅርጽ ባለሙያ ይህንኑ ሥዕል በመዳብ ላይ ቀርጾ በ1623 በስድስት ወረቀቶች ለኅትመት አብቅቶት ነበር፤ ከመዳብ ቅርጽ የሚታተም ምስል ወረቀት ላይ ሲያርፍ አቅጣጫው ስለሚዞር፣ ዋናውን ሳያዩ ከኅትመት የሚቀዱ ሠዓሊዎች ሥራ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይወጣል። ሥዕሉን ያሳየሁት የጥገና ባለሙያም ሰማዩ የተቀባበት ቀለም የፕሩሺያ ሰማያዊ መሆኑን በምርመራ አረጋገጠልኝ። ይህ ቀለም በርሊን ውስጥ የተገኘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን ሩበንስ ያረፈው በ1640 ነው።

በኢንተርኔት ከነጋዴ የተገዛ ዕቃ በአብዛኛው በ14 ቀን ውስጥ ሊመለስ ሲችል፣ መደብር ገብቶ ለገዛ ሰው ግን ሕጉ ይህን መብት አይሰጥም። ስለዚህ ሻጩ በቃል የሚነግራችሁን ዘመን፣ ሠዓሊና የሥዕል ቤት በሙሉ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት፤ ካንገራገረ ትታችሁ ውጡ።

መደብሩ አቤቱታዬን ከሰማ በኋላ ሥዕሉን በ300 ዩሮ መልሶ ለመውሰድ ፈቃደኛ መሆኑን ገልጾልኛል። በማግስቱ መስኮቱ ላይ እንደሚሰቅለው ስለገባኝ አልሰጠሁትም።