ታፔላ የሌለው ጋራዥና የእኔ አሮጌ ኮሮላ

ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ እሰፋለሁ። ሃያ ዓመት የስፌት መኪና መርገጫ ላይ የዋለ እግር የፔዳል ነገር አይጠፋበትም። የኮሮላዬ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው ክፍል፣ መላላት የጀመረ ሰሞን፣ ማርሹ ገና ሳያስቸግር በፊት እግሬ ነግሮኛል። መኪናዋ በፈረንጆች የ1990 ሞዴል ናት፤ ባለ አምስት ማርሽ፣ የአባቴ ቅርስ።

በመጀመሪያ ፔዳሉ ከወለሉ ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረውም። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት አንደኛ ማርሽ አልገባም አለ፤ የኋላ ማርሹማ ሰፈር የሚቀሰቅስ ጩኸት አመጣ። ሶፋና የቡና ማሽን ያለው ትልቅ ጋራዥ ወሰድኳት። ወጣቱ መካኒክ ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍት «እትዬ፣ ፍሪሲዮንዎ አልቋል፤ ካምቢዮው ይወርዳል» አለኝ፤ የማርሽ ሳጥኑን ማለቱ ነው። ከነእጅ ዋጋው 28,000 ብር። «ባለቤትዎ ቢመጡ ይሻላል» ብሎም ጨመረበት። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

የምመሰክርለት ሌላ ጋራዥ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወርዱ ውስጥ ለውስጥ የሚገኝ ቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ነው፤ አንድ የመሥሪያ ጉድጓድ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ልጆች። ሽማግሌው እኔን መሪው ላይ አስቀምጠው እርሳቸው መስኮቱ አጠገብ ጆሯቸውን አዘንብለው ቆሙ።

«ሞተሩን አጥፊ። አሁን ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገቢ።» ሁሉም ያለ ችግር ገቡ። «አስነሺ። እስከ ታች ረግጠሽ የኋላውን ሞክሪ።» ጮኸ። «አሁን ፎሌ ላይ፣ ከማርሽ ውጪ አድርጊና ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ርገጪ፤ አራተኛው ላይ ይዘሽ አስገቢ።» ድምፅ ሳያሰማ ገባ። ሽማግሌው ሳቁ።

ነገሩን ያስረዱኝ ለተማሪ እንደሚያስረዱ ነው። የፍሪሲዮኑ ዲስክ አልቆ ቢሆን ኖሮ ነዳጅ ስሰጥ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትፈጥንም፤ ዳገት ላይም የተቃጠለ ነገር ይሸተኝ ነበር። የእኔ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዲስኩ ከቮላኖው፣ ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት፣ መላቀቅ አቅቶታል። ፔዳሉ በላይኛው ፓምፕ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ የታችኛውን ፓምፕ ይገፋል፣ እሱም ዲስኩን ያላቅቃል፤ ዘይቱ ካመለጠ ወይም አየር ከገባበት እርግጫዬ መንገድ ላይ ይቀራል። ደጋግሜ ስረግጥ የገባውም የጎደለው ግፊት ስለተሟላ ነው።

በቃል ብቻ አላቆሙም። የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ አራተኛ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ለቀቁ፤ ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። «ዲስክሽ ጤነኛ ነው፤ ቢያንሸራትት ኖሮ ሞተሩ መዞሩን ይቀጥል ነበር» አሉ። ያም አልበቃቸውም፤ በእንጦጦ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ይዘዋት ወጡ። ስንመለስ ከፔዳሉ በላይ ባትሪ አብርተው የላይኛውን ፓምፕ አሳዩኝ፤ ዘንጉ የሚገባበት ቦታ ርሷል። የታችኛውን ፓምፕ የጎማ ሽፋን ገለጥ ሲያደርጉት ደግሞ እንደ ኩል የጠቆረ ዘይት ጣታቸው ላይ ተንጠባጠበ። «ንኪው» አሉኝ፤ ነካሁት።

ከተክለሃይማኖት የላይኛውን ፓምፕ ሙሉውን፣ ለታችኛው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ብቻ፣ ፍሪሲዮኑም የሚሠራበትን ዶት 3 የተባለ የፍሬን ዘይት አንድ ጠርሙስ ገዛሁ። ከእጅ ዋጋ ጋር 4,600 ብር ወጣ። አየሩ ሲወጣ አንዱ ልጅ መርገጫው ላይ፣ ሽማግሌው ጉድጓድ ውስጥ ሆነው «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» ሲባባሉ ግማሽ ሰዓት ቆዩ።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ለስድስት ሰዓት የተቀጠረ ሥራ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አለቀ። ደረሰኝ የለም። የፍሬን ዘይት ቀለም እንደሚበላ እያወቁ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ላይ አንጠባጥበው ቶሎ በውኃ ባለማጠባቸው የአውራ ጣት ያህል ቀለም ተላጠ። በአምስተኛው ቀን ፔዳሉ እንደገና ላላ፤ የቀረ አየር ነበር። በነጻ አስተካከሉልኝ፤ የግማሽ ቀን ሥራዬ ግን ቀረ።

ይህን ሁሉ ያስረሳኝ የሁለተኛ ማርሽ ጉዳይ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስመልስ አሁንም ይፋጫል። ጋሼ፣ ይህስ? ብዬ ጠየቅኳቸው። «ይኼ የካምቢዮው የራሱ ድካም ነው፤ ውስጥ ያለው ቀለበት ተበልቷል። ለእሱ ብለሽ ካምቢዮ አታስፈቺ፤ ፎሌ ላይ አድርገሽ ፍሪሲዮኑን ልቀቂ፣ ነዳጅ ነካ አድርጊ፣ እንደገና ረግጠሽ አስገቢ» አሉኝ። ሊያስከፍሉኝ ሲችሉ አላስከፈሉኝም። እንደነገሩኝ አደርጋለሁ፤ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙ ዝም ብሎ ይገባል።

እሑድ ዝግ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ካልደረሳችሁ ወረፋው ረጅም ነው፤ ግቢው ውስጥም ጥላ ስለሌለ ጃንጥላና በርጩማ ይዛችሁ ሂዱ።