ለአንዲት የደብረ ብርሃን መምህርት ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላላችሁ፣ በተለይ «ልጄ ብልህ ነው፣ እጁ ግን አልታዘዝ አለው» ለምትሉ ወላጆች ነው የምጽፈው። በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታስተምር የልዩ ፍላጎት መምህርት አለች። እሷን ላመሰግን፣ ለእናንተም ልጠቁም። ስሟን በአደባባይ እንዳላወጣ ለምናኛለች፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን እሷን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። ተረት ሲያወራ ሰፈሩን ሰብስቦ ያስቃል፤ ሂሳብ በቃል ከጠየቃችሁት ታላቁን ይቀድማል። ደብተሩን ስታዩ ግን የሌላ ልጅ ነው የሚመስለው። የ«ሐ» እግሮች ከመስመር ይወጣሉ፣ «ጠ» እና «ጨ» አይለዩም፣ እሱ ገልብጦ ሳይጨርስ ሰሌዳው ይጠፋል። በዚህ በእኛ ብርድ የጃኬቱን ቁልፍ የሚቆልፍለት ሰው ይፈልጋል። ኳስ ሲወረወርለት ደረቱን መትቶት ካለፈ በኋላ ነው እጁ የሚዘረጋው። ጎረቤቱ «ዝርክርክ» ይለዋል፣ አንዳንዱ አስተማሪ «ሰነፍ»። ጻድቃኔ ማርያምም ወስደነዋል። መምህርቷ ይህን ስትሰማ «ጸበሉንም ቀጥሉ፣ ሐኪምም ይየው» ነው ያለችው፤ ስለዚህ አነጋገሯ ብቻ እንኳ ላመሰግናት ይገባኛል።

ያደረገችው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ክፍል ውስጥ፣ በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ፣ ምሳ ሲበላ ተከታተለችው፤ ያየችውንም ጻፈች። «ትኩረት ይጎድለዋል» ምናምን ብላ አልዘጋችውም። የትኛው ሥራ እንደሚያቅተው፣ ምን ያህል እንደሚፈጅበት፣ እኩዮቹ በምን ያህል እንደሚጨርሱት፣ በቃል ሲጠየቅ ደግሞ እንዴት እንደሚመልስ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያሉትን ደብተሮቹን አስመጥታ ቀን የተጻፈባቸውን ገጾች መረጠች። «እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የበሽታ ስም አልሰጥም» ብላ ወረቀቱን አሸገችልን።

አዲስ አበባ ያየው የሕፃናት ሐኪም ያንን ወረቀት ሲያነብ ቆየ። የልጄ ችግር ዲስፕራክሲያ ይባላል፤ እጅና እግርን አቀናጅቶ ማንቀሳቀስ የሚያቅትበት ነው። ለካ ይህ በደም ምርመራ ወይም በራጅ አይታወቅም። ሐኪሙ ጡንቻውን፣ ነርቩን፣ ዓይኑን አይቶ ሌላ ምክንያት እንደሌለ ያጣራል፤ ነገሩ ከትንሽነቱ የጀመረ መሆኑንና ትምህርቱንና የዕለት ኑሮውን ማሰናከሉን ግን ከቤትና ከትምህርት ቤት መስማት አለበት። እኛ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዘን ነው የሄድነው። ከ100 ተማሪ 5 ወይም 6 እንዲህ ዓይነት ችግር እንዳለበት ሲነግረን፣ 50 ልጅ በሚማርበት ክፍል ሁለት ሦስት አሉ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። «ሰነፍ» ከሚባሉት መካከል ሳይሆኑ አይቀሩም።

መድኃኒት የለውም። ያለው ልምምድ ነው፣ ያውም ያቃተውን ያንኑ ሥራ ከፋፍሎ መለማመድ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (እንደ መልበስ፣ መብላትና መጻፍ ያለውን የዕለት ሥራ የሚያለማምድ ሕክምና) ባለሙያ ቢያሠለጥንም እኛ በቅርብ አላገኘንም፤ መምህርቷ እዚሁ ከተማ ካለ ፊዚዮቴራፒስት ጋር ተነጋግራ ልምምዱን አስጀመረችው። ከጽሑፍ ትጀምራለች ብዬ ስጠብቅ ልጁን «አንተ ምን ትፈልጋለህ?» አለችው። እንጀራ ቆርሶ መጠቅለል! ከጓደኞቹ ጋር ምሳ ሲቀርብ ወጡ በልብሱ ላይ እየወረደ ሲስቁበት ኖሯል፤ ለእኔ አንድም ቀን አልነገረኝም። በወፍራም ሽሮ ጀመሩ፣ ቀስ በቀስ ወደ ቀጠነ ወጥ ሄዱ። ሁልጊዜ የምትጠይቀው ያንኑ ነው፦ ምን ልትሠራ ነው? በምን ዘዴ? እስቲ ሞክረው። ሆነ ወይስ ዘዴ እንቀይር? አሁን ጃኬቱን ሲለብስ እነዚህኑ ጥያቄዎች ራሱን ሲጠይቅ እሰማዋለሁ። ቁልፉን ችሎታል። የጫማ ክር ገና ነው፣ ጽሑፉም አላማረም።

ርእሰ መምህሩንም አነጋግራ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጠው፣ አንዳንዱንም በቃል እንዲመልስ አስፈቅዳለታለች። የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እግሩ መሬት የሚነካበትን ዴስክ ከሌላ ክፍል ያስመጣችው ራሷ ናት።

እውነቱን ልናገር፣ ለስላሳ አንደበት የላትም። እኔ በልጄ ፈንታ ስመልስ «እሱ አፍ አለው» ብላ ፊት ለፊት ነግራኛለች። ወረፋም አለ፣ ብቻዋን ናት። ገንዘብ አትቀበልም፤ የመምህር ደሞዝ ስንት እንደሆነ የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ወፍራም እርሳስና ሰፋፊ መስመር ያለው ደብተር ለድጋፍ መስጫ ክፍሉ ብትወስዱ ግን ደስ ይላታል።

ከሸኖም ሆነ ከደብረ ሲና ለምትመጡ፣ መጀመሪያ የልጃችሁ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህር እንዳለው ጠይቁ፤ ካለ ያየውን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ለምኑት። ከሌለ ጻፉልኝ። ስትመጡ ደብተሮቹን ያዙ፣ የአምናውንም የካቻምናውንም።