ለልብ ድካም የግፊት መድኃኒት የምንገዛበት ፋርማሲ

ጊዮርጊስ አካባቢ ያለውን ይህን ፋርማሲ የባሕር ዳር ሰው የሚያማው በወረፋው ነው። እውነት ነው፣ ሰኞ ጠዋት ከሄዳችሁማ ጉድ ነው። እኔ ግን እናቴን ይዤ ከዘጌ በጀልባ እየተሻገርኩም የምሄደው እዚያው ነው። መድኃኒት አቀብለው ብቻ አይሸኙማ።

እናቴ የልብ ድካም አለባት፣ ግፊቷ ግን ዝቅ ያለ ነው። ኢናላፕሪል፣ ካርቬዲሎልና ስፓይሮኖላክቶን ሲታዘዝላት «ግፊት ለሌለበት የግፊት መድኃኒት ምን ሊሠራ?» ብላ ልትተወው ነበር። ፋርማሲስቱ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና አስረዳት። ልብ ሲደክም ሰውነት ደም የጎደለው ይመስለዋል፤ ስለዚህ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን የጭንቀት ሆርሞኖች ይለቃል፣ በኩላሊት በኩልም አንጂዮቴንሲንና አልዶስትሮን የሚባሉ ሌሎች ሆርሞኖች ይነሳሉ። ለጊዜው ያግዛል። ሲሰነብት ግን የደከመ በሬን በጅራፍ እንደመንዳት ነው፦ ደም ሥር ይጠባል፣ ጨውና ውሃ ይጠራቀማል፣ እግር ያብጣል፣ ልብም ይብስበታል።

ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲን እንዳይመረት ያግዳል። ስፓይሮኖላክቶን አልዶስትሮንን ይከለክላል። ካርቬዲሎል ደግሞ የጭንቀት ሆርሞኖቹን ከደም አያጠፋቸውም፤ ልብ ላይ የሚያርፉበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝባቸዋል እንጂ። ነገሩ የቆየ ነው፤ በፈረንጆች 1987 የወጣው ኮንሰንሰስ የተባለው ጥናት ኢናላፕሪል ልባቸው ክፉኛ የደከመ ሰዎችን የስድስት ወር ሞት በ40 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። «እንግዲያማ ልቤ ይረፍ» አለች እናቴ።

ካርቬዲሎል በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ እንደሚጨምር፣ መጀመሪያ ላይ ድካም ቢሰማትም በራሷ እንዳታቋርጠው ነግሯታል። ፖታሲየምና ኩላሊት መቼ እንደምትመረመርና ደረቅ ሳል እንዳለባት ሳይጠይቅ አይለቃትም። ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ስትጠይቀውማ ውሃ ይይዝብዎታል ብሎ አልሸጥም አላት! ገንዘብ እየገባለት እንዲህ የሚል ስንቱ ነው?

የማይመቸኝም አለ። የሚያወሩት ባንኮኒው ላይ ስለሆነ የሰው ገመና ወረፋው ሁሉ ይሰማዋል፣ በተለይ ሽማግሌዎቹ ጆሯቸው ስለሚከብድ ይጮሁላቸዋል። ስፓይሮኖላክቶንም አንዳንዴ ያልቅባቸዋል፤ ያኔ ዘጌ ጎረቤት ይመስል «ነገ ብቅ በሉ» ነው መልሳቸው። ስልክ ግን ያነሳሉ። ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ደውላችሁ መኖሩን አረጋግጡ።