«ፐንት ከቨሬጅ እናስተካክላለን» ለሚሉ ሻጮች ገንዘብ አትክፈሉ

በኦንላይን የአሜሪካን ፉትቦል ማኔጀር ጨዋታ ቡድን የምትመሩ ሁሉ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ፐንት ማለት ቡድኑ ኳሷን በእግር መትቶ ለተጋጣሚው የሚለቅበት ምት ነው፤ ከቨሬጅ ደግሞ ኳሷን ይዞ የሚመልሰውን ተጋጣሚ (ሪተርነሩን፤ ሩጫው ሪተርን ይባላል) ሮጦ የማስቆም ሥራ ነው። በቴሌግራምና በዲስኮርድ «የፐንት ከቨሬጅ ፓኬጅ» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ነው፦ አንድ የታክቲክ ፋይል፣ ሁለት በጣም ፈጣን ተጫዋቾች፣ እና «አካውንትህን ስጠኝ፣ አሰላለፉን እኔው ልሥራልህ» የሚል አገልግሎት። ዋጋው እንደ ገዢው ፊት ነው። ፋይሉ ራሳችሁ በነጻ የምትሠሩት፣ ተጫዋቾቹ ችግሩን የማይነኩ፣ አገልግሎቱ ደግሞ አካውንት የሚያሳጣ ነው።

ተጫዋቾቹን እናስቀድም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው። ሻጩ የሚያሳያችሁ የጋነሩን የፍጥነት ቁጥር ነው። ጋነር ማለት በፐንት ጊዜ በሁለቱ ዳር ቆሞ ወደ ሪተርነሩ የሚበረው ልጅ ነው። ፍጥነት እንደሚጠቅመው ማንም አይክድም። ነገር ግን በኤንኤፍኤል (በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ሊግ) ሕግ ኳሷ ከመመታቷ በፊት ጨዋታው የሚጀመርበትን መስመር አልፈው መሮጥ የሚችሉት እነዚህ ሁለት የዳር ሰዎች ብቻ ናቸው። የመሃሎቹ የፐንተሩ እግር ኳሷን እስኪነካ ይጠብቃሉ። ከስናፕ (ኳሷ ወደ ፐንተሩ ከምትላክበት ቅጽበት) እስከ ምቱ ያለችው 2 ሰከንድ ገደማ ለጋነሮቹ ትርፍ ስትሆን፣ የቀሩት የሚሮጡት ኳሷ አየር ላይ በቆየችበት ልክ ነው። ስለዚህ የጋነሩ ፍጥነት ከ88 ወደ 96 ቢወጣ የሚቀየረው የመጀመሪያው ሰው የሚደርስበት ቅጽበት ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ተከላካይ ተደርቦበታል፤ አልፎ ቢደርስም ሊስት ይችላል። ረጅሙ ሪተርን የሚወለደው እሱ ከሳተ በኋላ ነው፣ ሁለተኛው ማዕበል ገና 15 ያርድ ሲቀረው ወይም ሁሉም በአንድ በኩል ተጨናንቆ ሌላው ወገን ክፍት ሲሆን። ለዚህ መድኃኒቱ ታክል (ሯጩን ይዞ መጣል)፣ ክትትልና ንቃት የሚባሉት ቁጥሮች ናቸው። ሻጩ ስለ እነሱ አያወራም፣ በማስታወቂያ ላይ አያምሩማ።

ከጋነሮቹ ጋር «95 የምት ኃይል ያለው ፐንተር» ቢመርቁላችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። አሰልጣኞች የሚጠቀሙበት ልክ ለየ10 ያርዱ 1 ሰከንድ የአየር ጊዜ የሚል ነው፤ 45 ያርድ የሄደች ኳስ 4.5 ሰከንድ ያህል አየር ላይ መቆየት አለባት። 55 ያርድ ሄዳ በ4.2 ሰከንድ ከወረደች ሪተርነሩ ኳሷን ሲይዝ ፊቱ ያለው ባዶ ሜዳ ነው። ፐንተሩ የራሱን ቡድን ጥሎ ሄደ ማለት ነው። ኃይል ጨምራችሁ ከቨሬጃችሁ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው፣ ከዚያም ሻጩ «ሌላ ጋነር ያስፈልግሃል» ይላችኋል።

ይህን በቁጥር ለማየት ግሮሱን (የምቱን ሙሉ ርዝመት) ትታችሁ ኔቱን (በእውነት የተረፈውን ያርድ) አስሉ። ከምቱ ርዝመት ላይ የሪተርኑን ያርድ ቀንሱ፤ ተችባክ ከሆነ (ኳሷ በተጋጣሚው ሜዳ መጨረሻ ያለው ኢንድ ዞን ገብታ ከቀረች) 20 ቀንሱ። 52 ያርድ ተመትታ 15 ያርድ የተመለሰች ኳስ ኔቷ 37 ነው። 44 ያርድ ሄዳ በፌር ካች (ሪተርነሩ ሳይሮጥ በመያዝ) ያለቀችው ግን 44 ናት። ከራሳችሁ 45 ያርድ መስመር ላይ መትታችሁ ኢንድ ዞን የገባችው 55 ሆና ትመዘገባለች፣ እውነቱ ግን 35 ነው። በሻጮች ስክሪንሾት ላይ በትልቁ የሚታየው ሁልጊዜ ግሮሱ ነው።

ምቱ የት አረፈ የሚለው ምን ያህል እንደሚከብድ ዲሴምበር 19 ቀን 2010 በጃይንትስና በኢግልስ ጨዋታ ታይቷል። ውጤቱ 31 ለ 31፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው፣ የጃይንትስ አሰልጣኝ የፈለገው ኳሷ ከሜዳ እንድትወጣ ነበር። ፐንተሩ ማት ዶጅ ግን ዝቅ አድርጎ ወደ መሃል ላካት። የኢግልሱ ሪተርነር ዴሻን ጃክሰን መጀመሪያ እንኳ ከእጁ አምልጣው ነበር፤ አንስቶ 65 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ፣ 38 ለ 31። የትኛውም ፈጣን ጋነር ያንን ምት አያካክስም።

ስለ «ኦቨርኦል» (የተጫዋቹ አጠቃላይ ነጥብ) ቁጥርም አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ድምር የሚሰላው ለተጫዋቹ ዋና ቦታ ነው፣ ለከቨሬጅ አይደለም። የፓትሪየትሱ ማቲው ስሌተር በዝርዝር ላይ ዋይድ ሪሲቨር (የተወረወረ ኳስ ያዥ) ነበር፤ በመደበኛ የውድድር ዘመን ጨዋታዎች በሙያ ዘመኑ ሁሉ የያዘው ኳስ አንድ ብቻ ነው፣ ለፕሮ ቦውል (ለሊጉ ኮከቦች ምርጫ) ግን 10 ጊዜ ተመርጧል፣ በስፔሻል ቲም (በምት ጊዜ የሚገባው ቡድን) ሥራው። እንዲህ ያለ ሰው በጨዋታችሁ ገበያ ላይ በርካሽ ተቀምጦ ይሆናል፣ ኦቨርኦሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ የሚያየው የለም።

እንግዲህ ሳትከፍሉ የምትሠሩት ይኸው ነው። ዴፕዝ ቻርቱን (የአሰላለፍ ዝርዝሩን) በራስ-ሰር መሙላት አጥፉና የፐንት ቡድኑን በእጃችሁ ሙሉ። ዳር ላይ ተጠባባቂ ኮርነር ወይም ሴፍቲ (የኋላ ተከላካዮች) አድርጉ፣ ታክሉ ከፍጥነቱ እኩል ታይቶ። መሃል ላይ ጨዋታው ከፈቀደ ከባዶቹን ላይንመኖች ቀንሳችሁ ተጠባባቂ ላይንባከሮችን አስገቡ፤ ግን ሁሉንም አታውጡ፣ መከላከያው ከሳሳ ፐንቱ ይታገዳል፣ የታገደ ፐንት ደግሞ ከአብዛኞቹ ሪተርኖች የከፋ ነው። ድካም የሚቆጥር ጨዋታ ከሆነ ቋሚ ተሰላፊዎችን ከዚህ ቡድን አውጡ። ፐንተር ስትመርጡ ትክክለኛነቱን ከኃይሉ አስቀድሙ፣ የምት አቅጣጫ መምረጥ የሚቻል ከሆነም ወደ ዳር አዙሩት፤ የዳሩ መስመር ደመወዝ የማይከፈለው ተከላካይ ነው። በተጋጣሚ ሜዳ ላይ ስትሆኑ ረጅሙን ምት ትታችሁ አጭርና ከፍ ያለውን እዘዙ።

ፋይሉን በተመለከተ፣ የተሠራው ለየትኛው ጨዋታ እንደሆነ ጠይቁ። በኮሌጅ ሕግ ሁሉም ተጫዋች በስናፕ ጊዜ መሮጥ ይችላል፣ ፐንተሩን ሦስት ሰዎች ከፊቱ ቆመው ይጠብቁታል። በኤንኤፍኤል ሕግ ይህ አይሠራም። ለአንዱ የተዘጋጀ አሰላለፍ ለሌላው ሲሸጥ አይተናል፣ ገዢው የሚያውቀው ፐንቱ ሲታገድበት ነው።

«ከፓኬጁ በፊትና በኋላ» የሚል ማስረጃም አትመኑ። ቡድን በአንድ ጨዋታ 4 ጊዜ ገደማ ነው ፐንት የሚመታው። በ20 ፐንት ውስጥ አንድ የ60 ያርድ ሪተርን ካለ ብቻውን አማካዩን በ3 ያርድ ይለውጠዋል፤ ያንን አንድ ጨዋታ ከዝርዝሩ ማውጣት ለሻጩ ቀላል ነው። የራሳችሁን ለውጥ ስትፈትኑም አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ ቢያንስ 40 ፐንት ጠብቁ፣ ከአማካዩ ይልቅ ከ20 ያርድ በላይ የተመለሱትን ቁጠሩ።

ወደ አካውንቱ እንምጣ። የይለፍ ቃልና ወደ ስልካችሁ የሚላክ ኮድ ለማንም አይሰጥም፣ አለቀ። በዜል በራሳችሁ ፈቃድ የላካችሁትን ገንዘብ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው። በፔይፓል «ለጓደኛና ለቤተሰብ» ተብሎ የተላከውን የገዢ ጥበቃው አይሸፍነውም። በጊፍት ካርድ ክፈሉ የሚላችሁ ሰው ደግሞ አጭበርባሪ ነው። የጨዋታውን ገንዘብ ከውጭ ሰው መግዛት በብዙ ጨዋታዎች ክልክል ነው፤ ለምሳሌ «ማደን» (Madden) የተባለው የፉትቦል ጨዋታ አምራች ኢኤ ኮይን (የጨዋታውን ገንዘብ) የሚገዛውን አካውንት ሊያግድ ይችላል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያም ሆነ ሌላ ቦታ ልጆቻችሁ በእናንተ ካርድ የሚጫወቱ ከሆነ ግዢ ሁሉ በእናንተ ፈቃድ ብቻ እንዲያልፍ ስልኩ ላይ አስተካክሉ።

አስቀድሞ የከፈለ ካለ፦ መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ይቀይር፣ በሌላ መሣሪያ ላይ የተከፈተውን ሁሉ ያስወጣ። ከሻጩ ጋር የተጻጻፈውን ሳያጠፋው ፎቶ ያንሳ። ግዢው በጉግል ፕሌይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ተመላሽ ይጠይቅ፤ በአፕል ከሆነ ችግር ማመልከቻ ገጹ ላይ ግዢውን መርጦ ያመልክት። በባንክ በኩል ክፍያውን መቃወም የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ ክፍያው ለጨዋታው ድርጅት የተከፈለ ከሆነ አካውንቱን ሊዘጉት ይችላሉ።