ቪዲዮ ሚሞሪ ላይ የምትጭንልኝ ሞባይል ቤት፦ ከአንዲት የስፖርት መምህርት

ደሴ ፒያሳ ስላለች አንዲት ሞባይል ቤት ልጽፍ ነው። ስልክ ላሠራ አልነበረም የሄድኩት። አራተኛ ክፍል ስፖርት አስተምራለሁ። ለልጆቹ የምቀርጸውን ቪዲዮ ሚሞሪ ላይ የሚጭንልኝ እዚያ የሚሠራው ወጣት ነው። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተገልግያለሁ፤ ስለዚህ ደህናውንም ጉድለቱንም አውቃለሁ።

ቪዲዮ ለምን እንዳስፈለገኝ ላስቀድም። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ተማሪዎቼ 58 ናቸው። ከክፍል አስወጥቼ፣ አሰልፌ፣ ዝም አሰኝቼ፣ የዱላ ቅብብል አስረድቼ ስጨርስ ግማሹ ጊዜ ሄዷል። ከዚያ ደግሞ ወረፋ አለ። አንድ ልጅ ዱላውን ሁለት ጊዜ ከያዘ ትልቅ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ይመክራል። የኔዎቹ በስፖርት ሰዓት ቆመው እኔን ይሰሙ ነበር። በጣም ያንገበግበኝ ነበር።

ማብራሪያውን ወደ ቤት ላክሁት፤ ሜዳው ለሩጫ ቀረ። ዘዴው ፍሊፕድ ክላስሩም ይባላል። ስሙን ካስጠሩት መካከል ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ አሉ፤ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ የኬሚስትሪ መምህራን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለውድድር እየሄዱ ከክፍል ለሚቀሩ ተማሪዎቻቸው ትምህርቱን መቅረጽ ጀመሩ። እነሱ ኬሚስትሪውን ስፖርት ላስቀራቸው ልጆች ቀረጹ። እኔ ስፖርቱን ራሱን ቀረጽኩ።

ቪዲዮዬ 3 ደቂቃ ናት። ዱላዬ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ የተቆረጠ የፕላስቲክ ውሃ ቱቦ ነው። ሰጪው በቀኝ ይዞ ይመጣል፤ ተቀባዩ በግራ ይቀበላል። ተቀባዩ ዞሮ አያይም። እየሮጠ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ መዳፉን ይከፍታል፣ "ያዝ!" ሲባል ይጨብጣል። ይህችን ሦስት ጊዜ ቀስ ብዬ አሳየሁ።

ያስቸገረኝ ማድረሱ ነበር። በቴሌግራም ስልከው ብዙ ወላጆች አላወረዱትም። ፋይሉ ከ300 ሜጋ በላይ ነው፤ ለዚህ ፓኬጅ ማን ይገዛል? ወደ ሞባይል ቤቷ ስሄድ ልጁ "አብሽሪ ቲቸር" አለኝና ወደ 20 ሜጋ አወረደው። ምስሉ አልተበላሸም። ከዚያ ቁልፍ ስልክ ለያዙት ወላጆች ስሪ ጂፒ ወደሚባለው፣ ትንሽ ስልክ ወደሚከፍተው የቪዲዮ ዓይነት ለብቻው ቀየረልኝ። ይሄ በኔ ሐሳብ ውስጥም አልነበረም። ስክሪኗ የክብሪት ቀፎ ብታክል ነው፤ እጁ ወዴት እንደሚዘረጋ ግን ይታያል። የአንዷ ተማሪዬ እናት ልጅቷ በማማሰያ ከወንድሟ ጋር ስትቀባበል እንደሰነበተች ነግረውኛል። ሜዳ ስትመጣ ዱላው ከእጇ አልወደቀም።

ለአንድ ሚሞሪ 10 ብር ነው የሚያስከፍለው። ለኔ ተማሪዎች 5 ብር አድርጎታል።

ዘጠኝ ልጆቼ ቤታቸው ስልክ የሚባል የለም። ይህን ስነግረው ምንም አላለኝም። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስወጣ በዚያ በኩል አለፍኩ። የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ በሩ አዙሮታል። ልጆቹ እግረኛው መንገድ ላይ ደብተራቸውን ጠቅልለው ይቀባበላሉ። አንዱ ሲሳሳት "ድገምላቸው" ይሉታል፤ ይደግማል። ሳንቲም አልጠየቃቸውም። ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በኋላ ያሳያቸዋል። ቆሜ ሳይ እንባዬ መጣ።

ቅሬታም አለኝ። የአንዲት እናት ሚሞሪ አልከፍት ሲለው ሳይጠይቅ ፎርማት አደረገው። የልጃቸው ፎቶዎች በሙሉ ጠፉ። ይቅርታ ጠይቋል፤ ፎቶዎቹ ግን አልተመለሱም። ይሄ ቀላል ጥፋት አይደለም፤ በግልጽ ነግሬዋለሁ። አሁን ሚሞሪው ላይ ያለውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳይገለብጥ ምንም አይነካም። ቢሆንም ዕቃ ያለበትን ሚሞሪ አትስጡ፤ ባዶ ይዛችሁ ሂዱ። መብራት ከጠፋም አትልፉ፣ ጄኔሬተር የለውም።

ሁሉም ልጅ አይቶ አይመጣም። በመጀመሪያው ሳምንት አይተው የመጡት 31 ብቻ ነበሩ። ያላየውን ካየው ጋር አጣመርኩት፤ ልጅ ለልጅ ሲያሳየው ከኔ ይልቅ ይገባዋል። አሁን አንድ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ዱላውን ሰባት ስምንት ጊዜ ይይዛል። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ወርዶ ሜዳው ሲጨቀይም ትምህርቱ አይቀርም፤ በዴስኮቹ መሃል ቆመው ይቀባበላሉ።

ቀጣዩ የርዝመት ዝላይ ነው። አሸዋው ላይ በሁለት እግር እንዴት እንደሚወረድ ቀርጬ ረቡዕ እወስድለታለሁ።